አንድ ኳስ ለሁለት

ከዓሣ ገበያው ማዶ፣ ላም ከሚግጥበት ሜዳ፣
ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፈርን፣ በዶማ፣ በአካፋ፣ በዕዳ።
ባንዲራው የማዳበሪያ ጆንያ፣ ምሰሶው ሸምበቆ፣
አሸዋው ብቻ እውነተኛ፣ ከሐይቁ ዳር ተዝቆ።
ሣር ማጨጃ የለንም፤ የሰው ላም ያጭድልናል፣
ኳስ እበት ላይ ሲያርፍ፣ እንደ መቺው ጠባይ፣
ይሳቃል ወይ ይማላል።

እዚህ ነው የመጡብን የናኩሩ ሰዎች፣
ስምንት ሆነው፣ በአንድ ሚኒባስ፣ በሞያሌ በኩል፣
ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አድረው፣
ዱላቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው።
ስምንት ለስምንት። ዐሥራ ሁለት ነጥብ። አንድ ዋንጫ፦
ከተሰበረ የጀልባ ሞተር ክንፍ
የብየዳ ቤቱ ሰው የሠራው፤
ለዓይን ያስቃል፣ ለክንድ ይከብዳል፣
ግን ሐዋሳ ተሠርቶ፣ ከሐዋሳ ሲወጣ ማን ይወዳል?

ነርሷ ዱሬቲ በሁለት ቀን ሁለት ሰው ረታች።
መምህር ላንቃሞ ከጉድጓዱ አፍ፣ ከአንድ ስንዝር ላይ ስቶ፣
ሜዳው መሃል ቁጭ አለ፤ ማንም አላነሣውም።
እሑድ ዐሥር ሰዓት ላይ፦
አምስት ተኩል ለአምስት ተኩል።
የቀረው አንድ ጥንድ ነው። ቡሪሶና እኔ።

የጥንድ ሕግ እንዲህ ነው፦ ሁለት ሰው፣ አንድ ኳስ፣
ተራ በተራ መምታት።
እኔ ካስገባሁበት ጥሻ የምታወጣው አንተ፣
አንተ ከጣልክበት ጉድባ የምቆፍረው እኔ።
ትዳር ነው ይላሉ። ትዳርንማ ዐውቀዋለሁ፤
ትዳር ውስጥ ይቅርታ ይጠየቃል።
ቡሪሶ ግን ገና በመጀመሪያው ጉድጓድ፣
«ይቅርታ ካልከኝ ዱላዬን ጥዬ እሄዳለሁ» ብሎኛል።

እሱ የባንክ ገንዘብ ቆጣሪ ነው፤ ጣቱ ስስ፣ ቃሉ ቁጥብ።
እኔ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣
ክንዴ ብርቱ፣ ዓይኔ ቸኳይ።
ስምንት ጉድጓድ ሙሉ እሱ ሲያቃና እኔ ሳጣምም፣
እኔ ሳርቅ እሱ ሲያቀርብ፣
ዘጠነኛው ላይ እኩል ደረስን።

ታቦር ጥላውን ከተማው ላይ ሲጥል
ቡሪሶ መታ፤ መሃል መንገድ።
ተራው የእኔ ሆነ።
ዱላዬ ከመውረዱ በፊት ልቤ ወረደ፤
ኳሱ ወደ ግራ፣ ወደ ቄጠማው፣ ወደ ሐይቁ ሄደ።

እዚያ ደግሞ አንድ አባ ኮዳ ቆሟል፣
ጡረታ እንደወጣ ዳኛ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ።
ጎንበስ አለ። ነጩን ነገር በአፉ አነሣ፣
ዓሣ መስሎት ይሆናል፤ ወይ ዕንቁላል፤
በዝግታ፣ ምንም እንዳልሆነ፣ በረረ።
ሜዳው በሙሉ ሳቀ። እረኞቹ አጨበጨቡ።

ዋንጂሩ አልሳቀችም። የሒሳብ አስተማሪ ናት።
መጽሐፉን ገልጣ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፦
«አሞራው ከሣር ላይ ከወሰደው፣ ያለ ቅጣት ትመልሳላችሁ፤
ከውኃ ከሆነ ግን አንድ ምት ይጨመራል።
ቅርብ የነበርከው አንተ ነህ። የት ነበር?»

ሃያ ሰው ፊቴን አየ።
ቡሪሶ ጫማውን አየ።
ያንን ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ጠብ፤ ትንሽ፣ እንደ ዓሣ አፍ።
ከእኔና ከአሞራው በቀር ማን ሰማ?
አሞራው ሄዷል፤ አይመሰክርም፣ ቢጠራም አይመጣም።
«ውኃ ውስጥ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው፦
በአንድ ምት ተረታን። ኪፕላጋት አቅፎኝ አጥንቴ ጮኸ።
ዋንጫው ሚኒባስ ላይ ወጣ፣ ከሙዝ ዘለላ አጠገብ፣
መስኮቱ ውስጥ ሲያብለጨልጭ እስከ አደባባዩ ድረስ አየሁት።

በባጃጅ ተመለስን።
«ማን አሸነፈ?» አለ ሾፌሩ። ዝም አልን።
መናኸሪያውን አልፈን፣ ቤቴ አካባቢ ስንደርስ፣
ቡሪሶ ሳንቲሙን ሦስቴ ቆጥሮ ከፈለ፣
እንደ ልማዱ፣
ቀና ሳይልም፦
«ውኃ ውስጥ ነበር፤ እኔም አይቼው ነበር።
ዝም ያልኩት፣
ተራው ያንተ ስለነበር።»